ስፌት አይጠወልግም

ባለፈው ጳጉሜን፣ በከተማችን ለእንቁጣጣሽ በተዘጋጀ ትንሽ ባዛር ላይ፣ ይዤ የወጣኋቸውን አሥራ አራት ሰፌዶች ከምሳ ሰዓት በፊት ሸጬ ጨረስኩ። ባዶ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። አዲስ አበባ ላለችው ልጄ ደወልኩና «እናትሽ በስተርጅና ነጋዴ ሆነች» አልኳት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ደስታዬ ግን እስከ ማታው ቡና ድረስ ብቻ ነበር የቆየው።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቴ መጣች። በአገሩ ወግ «አዴ» ነው የምላት። እሷም ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም «ሲስተር» ትለኛለች። በባዛሩ ላይ ከእኔ ሦስት ጠረጴዛ አልፋ ነበር የተቀመጠችው። ዘጠኝ ሰፌድ ይዛ ወጥታ የሸጠችው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ድረስ ምንም አላለችም። ከዚያ «ሲስተር፣ ስንት ስንት ሸጥሽው?» አለችኝ።

«ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«እኔ ስድስት መቶ ስል፣ ገዢው ሁሉ በጣቱ ወዳንቺ እያመለከተ ‹እዚያ ጋ በሁለት መቶ ሃምሳ አለ› እያለኝ ሄደ።»

የምመልሰው ጠፋኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መልሳ «ጫት ሻጭ ወደ ማታ ዋጋ የምትጥለው ጫቱ ስለሚጠወልግባት ነው» አለች። «ስፌት አይጠወልግም። አንቺን ምን አስቸኮለሽ?»

ወደ ቦርሳዬ እጄን ሰደድኩ። የሸጥኩበትን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር አውጥቼ ግማሹን ልሰጣት አሰብኩ። እጄን ያዘችኝ። «ብር አልጠየቅኩሽም። ዋጋ ነው የምልሽ» አለችና ተነሥታ ሄደች።

ውድ አንባቢዎቼ፣ በተለይ እንደ እኔ ጡረታ ወጥታችሁ እጃችሁ ሥራ የፈታ አያቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ያ ምሽት ዛሬም ስላልለቀቀኝ ነው።

እኔ ነርስ ነበርኩ። በ1970ዎቹ በዲፕሎማ ተመርቄ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ስመደብ ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ ቤተሰቦቼ ለመመለስ ነበር ሐሳቤ። አገሩ ያዘኝ። አግብቼ ወለድኩበት፤ ልጆቼን ዳርኩበት። ለክትባት ያልደረስኩበት የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶ፣ ቆላ ወርጄ ሚኤሶና አሰቦት። የክትባት ሣጥኑን ይዤ በየገጠሩ ስዞር፣ ሴቶች በየደጃፉ አክርማና ስንደዶ ይዘው ሲሰፉ አያለሁ። ልጅ እያጠቡ ይሰፋሉ፤ ፍየል እየጠበቁ ይሰፋሉ። ክትባት ለማስከተብ ተሰልፈው እንኳ ወስፌው ከእጃቸው አይለይም ነበር። እኔ ያኔ የማየው የልጁን ክንድ ነው፤ የእናቲቱን እጅ ልብ ብዬ አላየሁትም።

የእኔ የእጅ ሥራ ዳንቴል ነበር። በዚያ ዘመን ዳንቴል ያልለበሰ ሬዲዮ፣ ዳንቴል ያልተደረበበት ሶፋ የት ነበር? ክሩ ከድሬዳዋ በባቡር ሚኤሶ ይደርስና ከዚያ በመኪና ወደ እኛ ይወጣል። የአዳር ተረኛ ሆኜ ባደርኩ ማግስት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ኪሮሼን አንሥቼ እቀመጣለሁ። የሠራሁትን ሁሉ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለአራስ ጥየቃ ሰጥቼ ጨርሼዋለሁ። አንድም ሸጬ አላውቅም።

ጡረታ የወጣሁት በ2010 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጆቼም ከተበተኑ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። እጅ የለመደውን ሲያጣ ያማል፤ ይህን እንደ ባለሙያም እንደ ታማሚም እነግራችኋለሁ። ያኔ ነው አዴ «ነይ፣ ቁጭ በይ» ብላ ስፌት ያስተማረችኝ። ስንደዶ በመስከረም፣ ዝናቡ ሲያባራ እንደሚለቀም አሳየችኝ። ስንደዶው ተሰንጥቆ፣ ከፊሉ በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። አክርማው ከውስጥ ሆኖ አካሉን ይይዛል፤ ስንደዶውና አለላው በላዩ ይጠመጠማል። ሳይሰፉ በፊት ውኃ ማርከፍከፍ ያስፈልጋል፤ የደረቀ ስንደዶ ይሰበራል። ወስፌው የሚወጋበት ቦታ ከወጣ አበባው ይጣመማል። የመጀመሪያ ሰፌዴ ድስት መክደኛ ይመስል ነበር። አዴ አይታ «አይዞሽ፣ ለዶሮ ጥሬ መበተኛ ይሆናል» አለችኝ። ዓመታት ፈጅቶ የእኔም ስፌት ከእሷ ጎን ሲቀመጥ የማያሳፍር ሆነ።

እንግዲህ ፍረዱ። ያስተማረችኝን ሙያ ይዤ፣ በራሷ ገበያ ላይ፣ በራሷ ንድፍ፣ ከእሷ ዋጋ ግማሽ በማይሞላ ሸጥኩባት።

ለምን በሁለት መቶ ሃምሳ ሸጥኩ? ለብዙ ቀን ራሴን ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ባዛሩ ላይ የሚያልፈው ሰው ግማሹ እኔ የከተብኩት፣ እናቱን ያዋለድኩለት ነው። እንዴት ብዬ «ስድስት መቶ ብር አምጣ» ልበለው? ሁለተኛው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የእጄን ዋጋ የቆረጠልኝ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይመጣል፤ አንድ መርፌ ስወጋ ስንት እንደሚያወጣ አስቤ አላውቅም። ሦስተኛውን መናገር ያሳፍረኛል። የጡረታ አበሌ በየወሩ ስለሚገባ ብሩ አላስፈለገኝም። የፈለግሁት «ጎበዝ፣ በእጅሽ ነው የሠራሽው?» መባል ነበር። ምስጋናውን በርካሽ ገዛሁት፤ ሒሳቡን የከፈለችው ግን አዴ ናት።

በእርግጥም ከፈለች። የልጅ ልጇን የምታሳድገው እሷ ናት። የባዛሩን ብር ለደንብ ልብስና ለደብተር ነበር ያሰበችው። መስከረም ሲጠባ፣ ልትወልድ የተቃረበች ፍየሏን አውጥታ እንደሸጠች ከሌላ ጎረቤት ሰማሁ። ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንደ ልማዷ ቡና ትጠራኛለች፤ እንደ ልማዴ እሄዳለሁ። ነገር ግን ስፌቷን ይዛ አጠገቤ መቀመጥ ተወች።

ነርስ ስትጨነቅ መመዝገብ ታውቃለች። ትኩሳቱ ለምን እንዳልወረደ ባይገባንም በየስድስት ሰዓቱ እንለካለን፣ እንጽፋለን። እኔም አንድ ደብተር ገዛሁና አዲስ ሰፌድ ጀመርኩ፤ ስፋቱ ስንዝር ተኩል፣ ለፈንዲሻ ማቅረቢያ ወይም ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚሆን። በተቀመጥኩ ቁጥር ሰዓቱን ጻፍኩ፤ በተነሣሁ ቁጥር ጻፍኩ። ስንደዶ መሰንጠቁን፣ አለላ መንከሩን፣ የተበላሸውን መፍታቱንም አልዘለልኩም። ጠርዙ ተዘግቶ ሲያልቅ ደመርኩት፤ ሠላሳ አንድ ሰዓት።

ቀጥዬ ወጪውን ጻፍኩ። ለስንደዶና ለአክርማ ዘጠና ብር፣ ለቀለም አርባ፣ ለመጓጓዣና ለጠረጴዛ ኪራይ ከድርሻው ሠላሳ፤ ድምሩ አንድ መቶ ስድሳ። በሁለት መቶ ሃምሳ ስሸጠው የተረፈኝ ዘጠና ብር ነው። ዘጠና ለሠላሳ አንድ ሲካፈል፣ በሰዓት ሦስት ብር እንኳ አይሞላም። የአዴ ስድስት መቶ ብር ደግሞ፣ ያ ውድ ነው ተብሎ የታለፈው፣ በሰዓት የሚሰጣት አሥራ አራት ብር ገደማ ነው። «ውድ» ያልነው ይህንን ነበር።

ደብተሩን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ማንበብ ስለማትችል አንድ በአንድ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ሠላሳ አንድ?» አለች። «እኔ ቆጥሬው አላውቅም። ብዙ እንደሆነ ግን ጀርባዬ ይነግረኝ ነበር።» ከዚያ ሳቀች። ከጳጉሜን ወዲህ ያንን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያን ቀን ከገዛሁት አርባ ዓመት የሚጠጋ አንድ የጠረጴዛ ልብስ አስታወስኩ። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ ለአጭር ሥልጠና አዲስ አበባ፣ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የሥጋ ደዌ የእጅን ነርቭ ሲጎዳ ሕመም መሰማቱ ይቀራል። መርፌ ቢወጋው፣ ድስት ቢያቃጥለው ሰውየው አያውቅም፤ እጁን በዓይኑ መጠበቅ አለበት። በሽታው ያለፈባቸው ሰዎች ጨርቅ በጥልፍ አስጊጠው ለሽያጭ ያቀርቡ ነበርና አንዱን ገዛሁ። የገዛሁት ግን አዝኜ አልነበረም፤ ስለሚያምር ነው። ያ ልብስ ዛሬም በበዓል ጠረጴዛዬ ላይ ይነጠፋል። ታዲያ ያንን ጥልፍ በዋጋው የገዛሁ ሰው፣ የጎረቤቴን ስፌት እንዴት ዋጋ አሳጣሁት?

በእኛ በሐረርጌ ስፌት ተራ ነገር አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ የድሮ ቤት ገብታችሁ ከሆነ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ተሸፍኖ አይታችኋል። ሰው ያንን ሊያይ ከባሕር ማዶ ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «የሌማት ትሩፋት» እየተባለ ስለ ወተቱ፣ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ማሩ በየመድረኩ እንሰማለን። ጥሩ ነው። አዴ ግን አንድ ቀን በሬዲዮ ስትሰማ «ሌማቱን ማን እንደሚሰፋውስ ይናገራሉ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለገና ባዛር አብረን ተዘጋጀን። እንዴት እንዳደረግን ልንገራችሁ፤ እንደ እኛ ልትሞክሩት ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ዋጋውን ቆረጥን፤ ሰባት መቶ ብር። የእሷም የእኔም አንድ ዓይነት። ያን ስታካፍሉት በሰዓት ከአሥራ ሰባት ብር ትንሽ ከፍ ይላል። መኖሪያ አይሆንም፤ ከሦስት ብር ግን ይሻላል። ከዚያ በታች ላለመሸጥ ተስማማን። አነስ ያለ ብር ይዞ ለሚመጣ ገዢ ትንንሽ የስኒ ማስቀመጫ ሰፋን። ዋጋ ከመቀነስ መጠን መቀነስ ይሻላል። ዳንቴሌንም በዚያው ጨመርኩ፤ ሰው የጠላውን ሬዲዮ ልብስ ትቼ ለሕፃን ኮፍያና ካልሲ ሠራሁ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ሥራ ፈተሽን። እርጥብ ነጭ ጨርቅ አለላው ላይ አሸት አድርጉት፤ ጨርቁ ከቀላ ቀለሙ ይለቃል፣ የገዢዋንም ነጭ ልብስ ያበላሻል ማለት ነው። እንዲህ የሆኑብንን ሁለቱን ለቤታችን አስቀረን። ስፌት እርጥበት ይሻግተዋል፤ በፌስታል አትቋጥሩት፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አኑሩት። ቀጥታ ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን ያነጣዋል።

ሦስተኛ፣ ልጆቹን አስገባን። የአዴ የልጅ ልጅ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉ ያምራል። በካርቶን ቁራጭ ላይ ዋጋውን እንዲጽፍ ሰጠነው። ከዋጋው በታች «31 ሰዓት» ብሎ እንዲጽፍም ነገርኩት። ሲጽፍ ቆየና «አያቴ ይህን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ትላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ስትቀመጥ በየቀኑ ያያታል እኮ፤ እኔም በየዓመቱ ሳያቸው እንደኖርኩት እናቶች። ተቆጥሮ ሲጻፍ ግን ሌላ ነገር ሆነበት። የልጅ ልጅ ያላችሁ ይህን ብቻ እንኳ አድርጉ፤ አጠገባችሁ አስቀምጡና ሰዓቱን ያስቆጥራችሁ። ቴሌብር የሚቀበለውም እሱ ነበር፤ እኛ ዝርዝር ብር በመሐረብ ቋጥረን ይዘናል።

አራተኛው የባለሙያ ምክሬ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሡ፤ አንገታችሁንና ጣቶቻችሁን አፍታቱ። በመብራት ሳይሆን በቀን ብርሃን፣ ከደጃፍ ወይም ከመስኮት አጠገብ ስፉ። መነጽር ካስፈለጋችሁ አትፈሩ። ወስፌ ከወጋችሁ «ምንም አይደል» ብላችሁ አትለፉት፤ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቡት። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ በየማታው ጣታችሁን ተመልከቱ፤ ትንሽ ቁስል በእናንተ ላይ ትንሽ አይደለችም።

የገና ባዛር ቀን ጠረጴዛችንን አጋጠምነው። አንዲት ወይዘሮ መጥተው የአዴን ሰፌድ አነሡ፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። «አራት መቶ ልስጥሽ» አሉ። አዴ ዝም አለች፤ ወደ እኔ አየች። ልቤ ደነገጠ። ያ የለመድኩት ይሉኝታ «ስጪያቸው» ሊለኝ ሲል አፌን ያዝኩትና ካርቶኑን አዞርኩላቸው። «ሠላሳ አንድ ሰዓት ምንድን ነው?» አሉ። የልጅ ልጇ ቀድሞ «አያቴ ቁጭ ያለችበት ነው» አላቸው።

ሴትዮዋ ካርቶኑን ትንሽ ያዙት። ከፈሉ ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ፤ አልከፈሉም። አስቀምጠውት ሄዱ። ሌሎች ግን ከፈሉ። አዴ ካልተሸጡት ስምንት ላይ ሦስት ጨምራ አሥራ አንድ ይዛ ወጥታ ስድስቱን ሸጠች። እኔ ከሰባቱ ሦስቱን። ከጳጉሜኑ ጋር ሳስተያየው የእኔ ገበያ ወድቋል፤ በዚያን ዕለት ማታ ግን ቡናው ጣመኝ። አዴ ፍየሏን አልመለሰችም። የሄደ ሄዷል፤ እኔም መልሼ ልሰጣት አልችልም። አሁን ግን ስፌቷን ይዛ መጥታ እንደ ድሮው አጠገቤ ትቀመጣለች።

ጡረተኛ ወገኖቼ፣ የእጅ ሥራችሁን በነጻ መስጠት ብትፈልጉ ስጡ። ስጦታ ስጦታ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ገበያ ይዛችሁ ከወጣችሁ ግን አጠገባችሁ ማን እንዳለች ዞር ብላችሁ እዩ። ለእናንተ ጊዜ ማሳለፊያ የሆነው ለእሷ የልጅ ደብተር ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ «አንቺ ስንት ትሸጫለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። እኔ ያልጠየቅኩት ይህችን አንዲት ጥያቄ ነበር።

ያልተሸጡት አራት ሰፌዶቼ አሁን የሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ካርቶናቸውን አላነሣሁትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነበዋል፤ ዋጋው ሰባት መቶ ብር ነው።